አራተኛው መርፌ

ኦክቶበር 9፣ 2022

ለዛምፊራ፤

መምህርት ሩክሳንድራ «ለከበረው ጤንነትሽ» ብላ ልትጀምር ስትል አስቆምኳት። በእኔ ስም የሚሄድ ደብዳቤ እኔ እንደማወራው ይሁን። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ አፍ አላጣሁም። ስልክ እንዳትደውዪ። ግራ ጆሮዬ ከተዘጋ ወዲህ በስልክ የሚነገረኝን ግማሹን አልሰማም፤ ግማሽ ወሬ ደግሞ ከውሸት አይሻልም።

እንዴት ነሽ? ጀርመኖቹ እንዴት ያዙሽ? አሮጊቶቻቸውን ስታገላብጪ ወገብሽ አልተቆረጠም? እዚህ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጤና ጣቢያው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የሚከፈተው። ከከተማ አንዲት ወጣት ዶክተር ትመጣለች። ጎበዝ ናት ይላሉ። እጇ ግን በረዶ ነው።

ነገሬ እንዲህ ነው። ይህቺ ዶክተር ደረቴን አዳምጣ «አባት፣ ያፏጫል። ሦስተኛውን የኮሮና ክትባት ከወሰዱ ዓመት ሞላዎት። ብርዱ ሳይጠና ከተማ ወርደው አራተኛውን ይወጉ» አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ ደግሞ መንገድ ላይ አቁሞ «ኒኪታ፣ ወንፊት ልትሆን ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ሁለቱንም አላምንም። የማምነው ያንቺን እጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እኔንም ሚስቴን ሳፍታንም ወግተሻል፤ ሦስቱንም የኮሮና መርፌ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ሌላው ሰው ተወግቶ ሁለት ቀን ሲተኛ እኔን ትኩሳት እንኳ አልነካኝም፤ በማግስቱ እንጨት ፈልጫለሁ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ብረት ነኝ ብዬ መንደሩን አሰልችቻለሁ።

ስለዚህ አንቺ ወስኚ። ተወጋ ካልሽኝ እወጋለሁ። ተው ካልሽኝ እተዋለሁ። ሌላ ሰው አልጠይቅም።

አንድ ነገር ላንሣ። ሳፍታን የቀበርን ቀን ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመሽ አይቼሻለሁ። እሷ እንደ ልጇ ነበር የምታይሽ። ለምን እንዳልገባሽ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም። አሁን ጠየቅኩሽ።

ኒኪታ

---

ኦክቶበር 21፣ 2022

ለአባባ ኒኪታ፤

ደብዳቤዎ በደረሰኝ በስምንተኛው ቀን ነው የምመልሰው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው አንሶን ቀንና ሌት እየተተካካን ነው የምንሠራው። ወገቤ ደህና ነው። የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት በሟች እህታቸው ስም ነው የሚጠሩኝ፤ እኔም «አቤት» እላለሁ።

ለጠየቁኝ ነገር መልሴ አንድ ነው፤ ይወጉ። ዛሬ ነገ አይበሉ። ባለፈው ክረምት በኮሮና አሥራ ሰባት ቀን መተኛትዎን ለዶክተሯ ይንገሯት። ሲወጉም እንደ መጀመሪያ ጊዜ ይቁጠሩት። በማግስቱ መጥረቢያ እንዳያነሡ፤ ትኩሳት ቢመጣ አይደንግጡ።

ስለ ቀብሩ ቀን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ደብዳቤዎቼን የሚያነቡልዎ ሁልጊዜ መምህርት ሩክሳንድራ ናቸው? ሌላ የሚያነብልዎ ሰው የለም?

አክባሪዎ ዛምፊራ

---

ኖቬምበር 3፣ 2022

ለዛምፊራ፤

አዎ፣ የምታነብልኝ መምህርት ናት። ሌላ የለም። እሷ ጉድጓድ ናት፤ የገባባት አይወጣም። ምስጢር ካለሽ ለኔ ብቻ እንደነገርሽኝ ቁጠሪው።

«እንደ መጀመሪያ ጊዜ ይቁጠሩት» ያልሽው አልገባኝም። አራተኛ እንዴት መጀመሪያ ይሆናል? ላም አራተኛ ጥጃዋን ስትወልድ እንደ ጊደር ታምጣለች? ይኼ ቃል ሳስበው ሳስበው ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ባለፈው ገና ሰሞን የሆነውን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።

ጎረቤቴ ኦኑ አሳማውን ሲያርድ እያሳለ ነበር። ሰው ሁሉ ፈርቶ ቀረ። እኔ «ሦስት መርፌ አለብኝ፣ ምን እሆናለሁ!» ብዬ ገባሁ። ገለባ አንድደን የአሳማውን ጠጉር አቃጠልን፤ ጆሮውን ቆርጠን ቆመን በላን፤ የፕሪም አረቄውን ከአንድ ጠርሙስ ተቀባበልን። በአራተኛው ቀን ወደቅኩ። በሰባተኛው ሳፍታ ወደቀች። እኔ በአሥራ ሰባት ቀኔ ተነሣሁ። እሷ አልተነሣችም።

ታዲያ ሦስቱ መርፌ የት ሄደ? ሦስት ዘበኛ የቆመበት ቤት እንዲህ ይዘረፋል? የማይጠቅም ነገር ነው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ያልሠራ በአራተኛው አይሠራም። ሳፍታ አልወጋም ስትል «ግትር» እያልኩ ሰድቤአት ነበር፤ መርፌው ከንቱ ቢሆንም በእሷ የያዝኩት ቂም አልለቀቀኝም። እሷ እንኳን ሦስት አንድም አልነበራት።

አልወጋም። ወስኛለሁ። ሊወጉ ተነሥተው የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎችንም «እኔን እዩኝ» ብዬ አስቀርቻቸዋለሁ። አንቺ ክፉ አልመከርሽኝም፤ የተማርሽውን ነው የነገርሽኝ። ግን ትምህርቱ ውሸት ነው።

ኒኪታ

---

ኖቬምበር 12፣ 2022

አባባ ኒኪታ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ነው የደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ።

እባክዎ ይወጉ። ሦስቱን ሽማግሌዎችም ሄደው ተሳስቻለሁ ይበሏቸው። ባለፈው ክረምት የሆነው መርፌው ስለማይጠቅም አይደለም። ምክንያቱን አይጠይቁኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያመኑት እጅ ነው የሚለምንዎ።

ምክንያቱን የግድ ማወቅ ካለብዎ የሚቀጥለውን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቄሱ ቢሆኑ ይሻላል።

ዛምፊራ

---

ኖቬምበር 22፣ 2022

ለዛምፊራ፤

ምክንያቱ ሳይነገረው ሂድ ሲሉት የሚሄድ በቅሎ ነው። እኔ በቅሎ አይደለሁም። ቄሱ ጋ አልሄድም፤ ቄሱ የሰማውን ሚስቱ ትሰማለች፣ እሷ የሰማችውን ወንዝ ማዶ ይሰሙታል። ወይ በመምህርት አንደበት ንገሪኝ፣ ወይ ዝም በዪ። ዝም ካልሽ ደግሞ ከእንግዲህ አትጻፊልኝ፤ ወረቀትሽ ሳይከፈት ምድጃ ይገባል።

ሳፍታ መቃብር ላይ በየእሑዱ እሄዳለሁ። ምን እንደምላት ታውቂያለሽ? «አንዲት መርፌ አሻፈረኝ ብለሽ ብቻዬን ጣልሽኝ» እላታለሁ። አንድ ቀንም ተናድጄ የማይባል ቃል ወጣኝ። (ቃሉን አልጽፍም ብዬዋለሁ። ሩክሳንድራ) ይኸው ነው ኑሮዬ። ያንጠለጠልሽውን ጨርሺልኝ።

ኒኪታ

---

ዲሴምበር 2፣ 2022

አባባ ኒኪታ፤

መምህርት ሩክሳንድራ፣ እባክዎ መሐል ላይ አያቁሙ። እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው።

አባባ፣ በሰውነትዎ ውስጥ የኮሮና ክትባት ገብቶ አያውቅም። ሦስቱንም ጊዜ የወጋሁዎት የጨው ውሃ ነው። አልጠቀመም ያሉት ነገር አልነበረም።

ያኔ ጤና ጣቢያው እንዴት እንደሚሠራ እርስዎ ብቻ ነበሩ የማያውቁት። ጠዋት የሚመጣ ሰው መርፌውን ፈልጎ ነው። ከሰዓት በኋላ ቅርጫት ይዞ የሚመጣ ግን የሚፈልገው ተከትቧል የሚለውን ወረቀት ብቻ ነው። አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም። ቅርጫቱን ወንበር ሥር ያስቀምጣል፤ እኔ ብልቃጡን ከፍቼ እጅ መታጠቢያው ውስጥ እደፋለሁ፤ ተከትቧል ብዬ መዝገብ ላይ አስገባለሁ። ቡና ቤቱ ውስጥ «በእጅ መታጠቢያው ተከተብኩ» እየተባባሉ ይስቁ ነበር። ከአሥር ሰው ሰባቱ እንደዚያ ነው።

እርስዎ በጠዋት መጡ፤ ባዶ እጅዎን፣ እጅጌዎን ከመንገድ ጀምረው ጠቅልለው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ሳፍታ መጥተው ነበር። ዝይ ይዘው።

«ወንድሜ ሐሙስ ተወጋ፣ እሑድ ሞተ። ኒኪታን እንዳትገድይብኝ» አሉኝ። ወንድማቸው ለዓመታት የልብ በሽተኛ እንደነበሩ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። «እሱ ካልተወጋ አያርፍም፣ ታውቂዋለሽ። አንቺ ውጊው፤ ውስጡን ግን ውሃ አድርጊው» አሉ። መሬት ላይ ተንበረከኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ዝይዋን ተቀበልኩ።

እማማ ሳፍታ ቢያውቁም፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ማንም አልለመነኝም። እኔው ራሴ ነኝ ያደረግኩት። እውነተኛውን ብሰጥዎ ትኩሳት ይይዝዎታል፣ «የመጀመሪያው ለምን እንዲህ አላደረገኝም?» ብለው ይጠይቃሉ ብዬ ፈራሁ። እርስዎ «ብረት ነኝ» እያሉ በመንደሩ ሲያልፉ ከመስኮት እሰማዎት ነበር።

በቀብሩ ቀን በአጥሩ በር መግባት አልቻልኩም። በማርች የሐሰት ክትባት የሚያጣሩ መርማሪዎች በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ሲዞሩ አገር ለቀቅኩ።

አሁን ምክንያቱን አወቁ። ይወጉ፣ አባባ።

ዛምፊራ

---

ዲሴምበር 14፣ 2022

ዛምፊራ፤

መምህርት «እጅ መታጠቢያው» ከሚለው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ምነው?» አልኳት።

«ዓይኔ ደከመኝ።»

«ዓይንሽ አይደለም የደከመው። አንብቢ!»

አነበበች። ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ «ኒኪታ፣ እኔም ማር ይዤ ሄጃለሁ። ሁለት ማሰሮ» አለችኝ።

«አንቺ? መንደሩን ሁሉ ፊደል ያስቆጠርሽው?»

«ፈራሁ» አለች። «የተማረ አይፈራም ያለህ ማነው?»

አሁን ይኼን እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። ጻፊ ብያታለሁ። እንባዋ የነካው ቦታ ቀለሙ ቢሰፋ ከኔ አይደለም።

ከዚያ ተነሥቼ ኦኑ ቤት ገባሁ። «አንተስ?» አልኩት። ሳቀ። «ኒኪታ፣ በእውነት ተወግተህ ነበር እንዴ? እኛ እኮ ስትፎክር ከኛ ይበልጥ የምትቀልድ መስሎን ነበር! ሦስት አለኝ ብለህ ስትገባ ሚስቴ ‹አቤት ሲችልበት!› ብላ ነው የሳቀችው» አለኝ። ሰማሽ? አንድ ዓመት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ የሄድኩበት መንደር እንደ ቀልደኛ ነው ሲያየኝ የኖረው። ጠዋት መጥቶ እጅጌውን ጠቅልሎ ውሃ የተወጋ ሞኝ አንድ ብቻ ነበር።

ሳፍታን ልንገርሽ። ሃምሳ አንድ ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተናል። ከጤና ጣቢያ ስመለስ ክንዴን ታሽልኝ ነበር፤ «አመመህ? አላበጠም?» እያለች። ቅባት ሞቅ አድርጋ። ውሃ መሆኑን እያወቀች! ሦስቱንም ጊዜ! እኔም «አየሽ፣ ምንም አልሆንኩ፤ አንቺም ተወጊ» እላታለሁ፤ እሷ ዝም ትላለች። የዝምታዋን ትርጉም ከሞተች በኋላ ከጀርመን በፖስታ ላክሽልኝ።

እሷ እንዳልሞትባት ውሃ አስወጋችኝ። እኔ ውሃውን መድኃኒት ነው ብዬ ከኦኑ ቤት በሽታውን ተሸክሜ ገባሁላት። በየእሑዱ ደግሞ መቃብሯ ላይ ቆሜ እሳደባለሁ። ማን ገደላት? እኔ ነኝ? አንቺ ነሽ? ራሷ ናት? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስልተሽ ንገሪኝ።

እሷ ፈርታ ነው። ፈሪን እረዳለሁ። አንቺ ግን አልፈራሽልኝም፤ የፈራሽው ለራስሽ ነው። ለመጀመሪያው ዝይ ተቀበልሽ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ምን ተቀበልሽ?

አልወጋም። ቀድሞ አልጠቀመኝም ብዬ ነበር እምቢ ያልኩት። አሁን ግን ማን ምን እንደሚወጋኝ ስለማላውቅ ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ አንቺን ይመስለኛል።

ኒኪታ

---

ዲሴምበር 27፣ 2022

አባባ ኒኪታ፤

ማን እንደገደላቸው ማስላት አልችልም። ሞክሬአለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ልክ አይመስለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ። ከተማ ሲሄዱ «ብልቃጡን አሳዩኝ» ይበሉ። ፊት ለፊትዎ ይቅዱት። እኔ የማልገኝበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ ሊያምኑት ይችላሉ።

መዝገቡ ሦስት ተከትበዋል ይላል። ከመዝገቡ ጋር አይጣሉ። ዝም ብለው አራተኛ ነው ብለው አንዱን ይውሰዱ፤ አንዱ ይበቃዎታል። ቢናገሩ ነገር ያበዛብዎታል፣ ያመላልስዎታል፤ በዕድሜዎ አይገባም።

ለሦስቱ ሽማግሌዎችም ይንገሯቸው።

ዛምፊራ

---

ጃንዋሪ 20፣ 2023

ለዛምፊራ፤

ለሽማግሌዎቹ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ነገርኳቸው። «ተሳስቻለሁ» ማለት በዚህ ዕድሜ ጥርስ እንደመንቀል ነው። ሁለቱ ሄደው ተወጉ። አንዱ «አንተ ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። እውነቱን ነው።

እሑድ የሳፍታን የዓመት ተዝካር አወጣሁ። ስንዴው ተቀቀለ፣ ሰው በላ፣ ቄሱ ስሟን ጠራ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መቃብሯ ጋ ቀረሁ። የምሳደበው አጣሁ። ብርዱ ደረቴ ውስጥ ሲገባ ፉጨቱ ይሰማኛል። እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ሳፍታ እንዳልሞት ብላ ነው ያን ሁሉ ያደረገችው። አሁን ዘመድ አታሎኝ፣ ጎረቤት ስቆብኝ፣ ሐኪም ውሃ ወግቶኝ፣ እልህ ይዞኝ ብሞት የማን ልብ ይደርሳል? የእልሄ ብቻ። እልሄን ደግሞ ሰባ ስምንት ዓመት ቀልቤዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ረቡዕ በአውቶቡስ ከተማ ወረድኩ። መምህርት አብራኝ መጣች። ያቺው እጀ ቀዝቃዛ ዶክተር ነበረች።

«ደህና መጡ አባት፤ አራተኛዎ ነው አይደል?»

«መጀመሪያዬ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ሦስት ወስደዋል ይላል።»

«ኮምፒውተሩ ክንድ አለው? ክንዱ የኔ ነው። እኔ መጀመሪያዬ ነው እልሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ረዳቷን አስወጥታ በሩን ዘጋች። «ውሃ ነው የተወጋሁት» አልኳት። አልሳቀችም። ያልሳቀ ሰው ሳይ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«እንግዲያው አንድ አይበቃዎትም» አለችኝ። «ምንም ላልወሰደ ሰው መሠረት የሚሆነው ሁለት ነው፣ በሳምንታት ልዩነት። ሁለቱን እንድሰጥዎ ግን መዝገቡ መታረም አለበት። እንዲታረም ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ ቃልዎን መስጠት አለብዎ። ካልፈለጉ አንዱን እንደ አራተኛ ሰጥቼ ልሸኝዎት እችላለሁ። የርስዎ ምርጫ ነው።»

ያኔ ደብዳቤሽ ገባኝ። «አንዱ ይበቃዎታል» ያልሽኝ። ነርስ ነሽ፤ ሁለት እንደሚያስፈልገኝ ከዶክተሯ እኩል ታውቂያለሽ። ተናዝዘሽ እንኳ፣ የሚስቴን ምስጢር ከነገርሽኝ በኋላ እንኳ፣ ግማሹን ለራስሽ አስቀረሽ። የጨው ውሃውን አራተኛ ጊዜ ልትወጊኝ ነበር፣ በወረቀት።

ቃሌን ሰጠሁ። ስምሽን ተናገርኩ፤ ሦስቱንም ቀን ተናገርኩ። ዶክተሯ ጻፈች፣ አነበበችልኝ። «ለምን እንዲህ አደረገች? ያዘዛት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኩ። ዋሸሁ። ውሸት መናገሬን ለማንም አልክድም፤ ግን ሳፍታን ለወረቀት አልሰጥም። ከዚያ አውራ ጣቴን ቀለም ላይ ጫንኩና ቃሌ ሥር አተምኩ።

ብልቃጡን አሳየችኝ። ፊት ለፊቴ ቀዳች። ወጋችኝ። ሌሊቱን አተኮሰኝ፣ ክንዴ እንደ ዳቦ አበጠ፤ ሁለት ቀን ተኛሁ። ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 8 ነው።

መምህርት ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነው የጠበቀችኝ። እሷም ልትከተብ አልገባችም። እኔም ግቢ አላልኳትም። ይኼንንም ጻፊው አልኳት፤ እጇ ትንሽ ቆየ እንጂ ጽፋዋለች።

መርማሪ ሊጠራሽ ይችላል። ሊጽፍልሽም፣ ላይጽፍልሽም ይችላል፤ የነሱን ሥራ አላውቅም። ሲጠይቁሽ «ሳፍታ ናት ያዘዘችኝ» ማለት ትችያለሽ። እውነት ስለሆነ አልከለክልሽም። አትበይ ብዬም አልለምንሽም። አንቺን ከእንግዲህ ምንም አልለምንም።

ይህን የጻፍኩልሽ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። ምን እንደሚመጣብሽ ቀድመሽ እወቂው። እኔን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

ኒኪታ